ቤተ መጻሕፍት በቀትር ለምን ይዘጋል? ስለ ሙቀት፣ ስለ ጎርፍና ስለ ሥራችን

ደቻቱ ዳር (ክሩን የጀመረች)

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው የምሠራው። ችግሩ የኛ ብቻ ስላልሆነ ስሙን አልጠቅስም። ሐሳባችሁን ፈልጌ ነው የመጣሁት።

ከግንቦት ጀምሮ የድሬ ቀትር ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ከ6 ሰዓት በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ ሰው ወደየቤቱ ይገባል። የግንብ ቤት ያለው ጋደም ብሎ ያሳልፈዋል። የቆርቆሮ ቤት ያለው ግን መግቢያ የለውም። ውስጡ ከውጭው ይብሳል።

እኛ ታዲያ በዚያው ሰዓት "ምሳ" ብለን በሩን እንቆልፋለን። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያና ቬንትሌተር ያለው አዳራሽ ሰው በጣም በሚፈልገው ሰዓት ባዶውን ይውላል። በረንዳው ላይ ግን ሰው አይጠፋም። አንዲት ቡና የምትሸጥ እናት ጀበናዋንና ረከቦቷን አስጠግታ ከነልጇ እዚያ ታርፋለች። ልጁ የመስኮቱን ፍርግርግ ይዞ ወደ ውስጥ ያያል። የሕፃናት መጻሕፍት መደርደሪያው ከዚያ መስኮት ሥር ነው።

ሁለተኛው ነገር ጎርፍ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ድሬ የነበረ ሰው አይረሳውም። ውኃው የመጣው ከላይ፣ ከደጋው ነው። ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ ከዘነበ ደረቁ አሸዋ በአንዴ ወንዝ ይሆናል። ሰው ደግሞ በበጋ ያ አሸዋ ላይ ይነግዳል፣ ያቋርጣል፣ ዳሩ ላይ ቤት ይሠራል።

በቅርቡ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጣና "የ98ቱ ጎርፍ የት የት ሰፈር ገባ? ምን ያህል ከፍታ ደረሰ?" ብሎ ጠየቀኝ። መደርደሪያዬን አሰስኩት። ምንም የለም። ስለ አሜሪካ ወንዞች የተጻፈ በእርዳታ የመጣ ወፍራም መጽሐፍ አለን፣ ስለ ደቻቱ ግን አንዲት ገጽ የለችንም። የመለሰለት ዘበኛችን ነው። ይዞት ወጣና ከኛ ዝቅ ብሎ ያለውን የግንብ አጥር አሳየው። እጁን ከደረቱ ከፍ አድርጎ ግድግዳው ላይ አሳረፈና "እዚህ ድረስ" አለው። ከዚያ የማንን በር እንደሰበረ፣ ማን ዛፍ ላይ እንዳደረ፣ ውኃው በየትኛው ቅያስ እንደታጠፈ አንድ በአንድ ነገረው። ተማሪው በጥድፊያ ጻፈ።

ዘበኛችን ሽማግሌ ነው። እሱ የሚያውቀው የትም አልተጻፈም። ከ98 በኋላ የተወለዱት ዛሬ ቤት ሠሪዎች ሆነዋል፣ ዛፉ ላይ ማን እንዳደረ የሚነግራቸው የለም።

እኔ የሚታየኝ ይህ ነው። የአየር ንብረት ሲለወጥ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የከተማውን የውኃና የሙቀት ትዝታ መያዝ አለበት። በሩንም ሰው በሚቸገርበት ሰዓት መክፈት አለበት። እናንተስ ምን ትላላችሁ? በተለይ ሠርታችሁ ያያችሁ ካላችሁ።

---

ከዚራ

አቦ ልክ ነሽ! ያንን በረንዳ አውቀዋለሁ። ክፈቱት።

---

ማትሪክ ተፈታኝ

እህቴ አትቀየሚኝና እኔ አልስማማም። እኔም ድሬ ነው ያለሁት። 12ኛ ክፍል ነኝ። ቤታችን ስድስት ሆነን በአንድ ክፍል ነው የምንኖረው፣ ቴሌቪዥኑ አይጠፋም። የማጠናበት ቦታ ቤተ መጻሕፍት ብቻ ነው። እዚያም ወንበር ለመያዝ ገና ሳይከፈት ተሰልፈን ነው። ሙቀት ያቃጠለው ሁሉ ይግባ ከተባለ ልጅ ያለቅሳል፣ ስልክ ይጮኻል፣ የሚያንኮራፋም አይጠፋም። ለኛ ማን ያስብልናል? መብረድ ለሚፈልግ ሌላ አዳራሽ ይፈለግለት። ቀበሌው የስብሰባ አዳራሽ አለው አይደል?

---

ደቻቱ ዳር

ወንድሜ፣ የምትለው እውነት ነው፣ ለምን እቀየማለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። አንተ ራስህ ከ6 እስከ 9 ሰዓት የት ነው የምታጠናው? ቀትር ላይ በሩ የሚዘጋው ባንተም ላይ ነው። እኔ የምጠይቀው ሰዓት እንዲጨመር ነው። ካንተ ሰዓት ላይ የሚቀነስ የለም። የጸጥታው ነገር ግን መልስ ይፈልጋል። የመጽሔትና የጋዜጣ ክፍሉ ለብቻው በር አለው። ለእናቶችና ለልጆች እሱ ቢሆን ብዬ አስባለሁ።

---

የፊኒክሱ ሹፌር

ከአሪዞና ነው። ፊኒክስ ታክሲ እነዳለሁ። ይህ ክር የኔ ኑሮ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

እኛ ጋ እ.ኤ.አ. በ2023 ክረምታቸው አልፎ በጋ ሲገባ ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ 31 ቀን በተከታታይ ሙቀቱ ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆነ። በዚያ ዓመት ፊኒክስ ባለችበት በማሪኮፓ ካውንቲ ብቻ 645 ሰው ከሙቀት ጋር በተያያዘ ሞተ። ይህ በሀብታም አገር የሆነ ነው። ኤሲው የተበላሸበት አዛውንት፣ መብራት የተቆረጠበት፣ ውጭ የሚያድር፣ እነዚህ ናቸው የሞቱት።

ቤተ መጻሕፍቶቹ በካውንቲው የሙቀት ማምለጫ ዝርዝር ውስጥ አሉ። በር ላይ ምልክት ይለጠፋል፣ መግቢያው ላይ የታሸገ ውኃ በበረዶ ተዘፍዝፎ ይቀመጣል። ማንም "ምን ልታነብ መጣህ?" አይልህም። እኔም ሥራ ሲቀዘቅዝ መኪናዬን አቁሜ እገባለሁ። አጠገቤ አንዱ ሻንጣውን ወንበር ሥር አድርጎ ጋዜጣ ይገልጣል፣ ሌላዋ ኮምፒዩተር ላይ የሥራ ማመልከቻ ትሞላለች፣ ልጆች የቤት ሥራ ይሠራሉ። በ2024 ደግሞ ከተማው የተወሰኑትን ከመደበኛው ሰዓት አስረዝሞ ማታም ክፍት አደረጋቸው። ሙቀቱ ጀምበር ስትጠልቅ አብሮ አይጠልቅምና።

ግን ማትሪክ ተፈታኙ ያነሣው ነገር እዚህም አለ። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ መጽሐፍ ሊያውስ ተቀጥሮ የወደቀ ሰው ሲያነሣ ይውላል። ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው እንዴት እንደሚረዳ፣ አምቡላንስ መቼ እንደሚጠራ መሰልጠን አለበት። ያለ ሥልጠናና ያለ ተጨማሪ ሰው በሩን ብቻ ከከፈታችሁ ሸክሙ ደቻቱ ዳር ላይ ነው የሚወድቀው። እህቴ፣ አለቆችሽን ስትጠይቂ ይህን አብረሽ ጠይቂ።

---

ከዚራ

ባርሴሎናም እንዲህ አላት። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ቤተ መጻሕፍትን፣ ትምህርት ቤቶችንና መናፈሻዎችን "የአየር ንብረት መጠለያ" ብላ በካርታ ላይ አውጥታቸዋለች። አዲስ ሕንጻ አልሠራችም። ያለውን ነው የቆጠረችው።

---

ማኅደር

ከባሕር ዳር ነኝ። የብራና መጻሕፍት ላይ ነው የምሠራው። ስለ ቤተ መጻሕፍት ሲነሣ ሁልጊዜ አዳራሽና ወንበር ይታየናል። የዚህ አገር ትልቁ ቤተ መጻሕፍት ግን በየገዳሙና በየደብሩ ዕቃ ቤት ተበትኖ ነው ያለው። እሱን ሳናነሣ እንዳናልፍ።

ብራና ቆዳ ነው። የፍየል ወይም የበግ። እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በዝግታ ከሆነ ይችለዋል። የሚጎዳው ቶሎ ቶሎ ሲለዋወጥ ነው። ቅጠሉ ይጨማደዳል፣ ቀለሙ ይሰነጠቅና ይረግፋል፣ የሐረጉና የሥዕሉ ቀለም መጀመሪያ ይሄዳል። አባቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። መጽሐፉን በሁለት የእንጨት ገበታ መካከል አጥብቀው ይጠርዙታል፣ በቆዳ ማኅደር ይከቱታል፣ ከግድግዳ ካስማ ላይ ይሰቅሉታል። ከመሬት እርጥበት፣ ከምስጥ፣ ከአይጥ ይርቃል። ነፋስ በዙሪያው ይመላለሳል።

አሁን ምን ሆነ? የሣር ክዳኑ በቆርቆሮ ተተካ። ሣሩ እሳት ያስፈራል፣ በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ማንንም አልወቅስም። ግን ቆርቆሮ ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፣ ሌሊት ይበርዳል፣ ንጋት ላይ ከሥሩ ያልበዋል። ጠብታው የሚወርደው መጽሐፉ ላይ ነው። በዚያ ላይ ዝናቡ ሲመጣ በአንድ ጊዜ ዱብ የሚል፣ በረዶ የቀላቀለ ሆኗል። አንድ ዕቃ ቤት ውስጥ የገባሁ ጊዜ ያየሁትን ልንገራችሁ። መጻሕፍቱ ከካስማቸው ወርደው በብረት ሳጥን ተቆልፈዋል። ከሌባ ለማዳን ነው። ሳጥኑን ሲከፍቱት የሻጋታው ሽታ ፊት ላይ መጣ። አንድ ዳዊት ገበታው ላይ ነጭ ጸጉር የመሰለ ነገር አብቅሏል። ከሌባ የዳነው በእርጥበት ሊሄድ ነው።

ይህ የኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ታጣቂዎች የማሊዋን ከተማ ቲምቡክቱን ሲይዙ የከተማው ሰዎች የእጅ ጽሑፎቻቸውን በብረት ሳጥን አድርገው በመኪናና በጀልባ ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ባማኮ አሸሹ። ከጦርነቱ አዳኗቸው። ባማኮ ደግሞ ከበረሃው ይልቅ እርጥበታም ናትና ሌላ ትግል ጠበቃቸው።

ተግባራዊ ነገር ልጨምር፣ ለሚሠራ ሰው ይጠቅማል። ብራና ከረጠበ ፀሐይ ላይ አታስጡት። እሳት ዳርም አታቅርቡት። ቆዳ በሙቀት ይጨማተራል፣ ከዚያ አይመለስም። ጥላ ባለበት፣ ነፋስ በሚገባበት ክፍል ውስጥ በዝግታ ይድረቅ። የወረቀት መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ በግድ አትግለጡት። ሻጋታ በሁለት ቀን ውስጥ ሊነሣ ስለሚችል ሁሉን ማድረቅ ካልቻላችሁ በላስቲክ ጠቅልላችሁ የዓሣ ወይም የሥጋ ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ለምኑ። በረዶ ሆኖ ይቆያል፣ ጊዜ ይሰጣችኋል። ይህን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ጎርፍ ከመጣ በኋላ የማቀዝቀዣ ባለቤት ስልክ አይፈለግም።

---

ጡረተኛ መምህር

ልጄ ማኅደር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳነብ ልቤ ተነካ።

እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲቀረጹ የነበረውን ሥራ አስታውሳለሁ። ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተቀርጸዋል። ቅጂው አዲስ አበባም አለ፣ አሜሪካ ሚኒሶታም በቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት አለ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ለብዙ ዓመታት እዚያ ተቀምጠው ዝርዝሩን ሠሩ። ዛሬ ዋናው ቢጠፋ ቃሉ አለ። ያን ጊዜ ስለ አየር ንብረት ማን ያወራ ነበር? ግን ጠቀመ።

የምጠይቀው፣ በየወረዳው ላለው መዝገብስ ማን አሰበ? የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የመሬት ግብር መዝገብ፣ የትምህርት ቤት ሮስተር? እኔ ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት የድሮ መዝገቦች ምድር ቤት ነበር የሚቀመጡት። ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃ ይገባል። ከሥር ያሉት ረድፎች አንድ ላይ ተጣብቀው ጡብ ሆነው ነበር።

---

ጆበርግ

ስለ ቃጠሎም ሳይነሣ አይለፍ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 18 ቀን 2021 ከኬፕታውኑ ተራራ የወረደ ሰደድ እሳት የዩኒቨርሲቲውን የጃገር ንባብ አዳራሽ አቃጠለው። ስለ አፍሪካ የተሰበሰበ ስንት ነገር በአንድ ከሰዓት ጠፋ። ምድር ቤት የነበረው የዳነው የእሳት መከላከያ በሮቹ ራሳቸው ስለተዘጉ ነው። እሱም ቢሆን እሳቱን ለማጥፋት የተረጨው ውኃ ገባበት። ከዚያ ተማሪውም ነዋሪውም በሰልፍ ቆሞ ሣጥን እየተቀባበለ አወጣው።

ያዳነው በሩ ነው። በሩ ደግሞ አስቀድሞ የተገጠመ ነው። ሌላ የምለው የለኝም።

---

የገጠር ባለሙያ

የግብርና ልማት ሠራተኛ ነኝ፣ ሰሜን ሸዋ። አንድ የማነሣው አለኝ። አሜሪካና አውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ዘር ያውሳሉ ይባላል። ወስደህ ትዘራለህ፣ ሲያፈራ ትመልሳለህ። እዚህም ይጀመር የሚሉ ሰምቻለሁ። እኔ ለወረዳ ቤተ መጻሕፍት አልመክርም።

ዘር መደርደሪያ ላይ አይኖርም። በየጊዜው መሬት ገብቶ መታደስ አለበት። ለዚህ ደግሞ እኛ ልምድ አለን። የአዲስ አበባው የዘረመል ባንክ እ.ኤ.አ. በ1976 ነው የተቋቋመው፣ በአፍሪካ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ዶክተር መላኩ ወረደ የአገር በቀል ዘር በገበሬው እጅ፣ በገበሬው ማሳ እንዲጠበቅ ታገሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 "ራይት ላይቭሊሁድ" የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት በዚሁ ሥራ ነው። ከዚያ በየቦታው የማኅበረሰብ የዘር ባንክ ተሠራ። ዘሩ ቤቱ እዚያ ነው።

ቤተ መጻሕፍቱ የሚያስፈልገው ለወሬው ነው። የኔ ቀበሌ ገበሬዎች ስለ አንድ የስንዴ ዓይነት ሲያወሩ መቼ እንደሚዘራ፣ የትኛውን ዋግ እንደሚችል፣ ዝናብ በጊዜ ሲቆም እንዴት እንደሚሆን፣ እንጀራው ወይስ ቂጣው እንደሚጣፍጥ ያውቁታል። ዘሩን ባንክ ያስቀምጥልሃል። ይህን ወሬ የሚያስቀምጥ የለም። የሚያውቁት ደግሞ እያለፉ ነው። አንዲት እናት አለች፣ የማሽላዋን ዓይነት በስም እየጠራች ትለያለች። እኔ በዩኒቨርሲቲ የተማርኩት እሷ ጋ ስደርስ ያልቃል። ደቻቱ ዳር ዘበኛሽን እንዳልሽው ማለት ነው።

---

ካርታና ፎቶ

የታሪክ ተመራማሪ ነኝ። የደቻቱ ዳርን ሐሳብ የሚያጠናክር አንድ ነገር ላካፍል።

"ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር" ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። በትምህርት ቤት ተምረነዋል፣ በስብሰባ ሰምተነዋል። ማስረጃው ሲፈለግ ግን ማን ለክቶት፣ የት ጽፎት? የታሪክ ሰዎች ቁጥሩን ወደ ኋላ እየተከተሉ ሄደው መሠረት አላገኙለትም።

አሁን ፎቶውን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺዎች ነበሩት። የሰሜኑን ተራራና ሸለቆ አነሱ። ፎቶዎቹ ለጦርነት ተነሥተው ቤተ መዛግብት ውስጥ ቀሩ። ከ140 ዓመት በኋላ የቤልጂየምና የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፎቶዎቹን ይዘው ያንኑ ቦታ ፈልገው፣ ያንኑ ድንጋይ ላይ ቆመው እንደገና አነሱ። ብዙ ቦታ ላይ የዛሬው ዛፍ ከ1868ቱ በልጦ ተገኘ። እርከን ተሠርቷል፣ ከከብት የተከለለ ተራራ አገግሟል፣ ባሕር ዛፍ ተተክሏል። ይህ ማለት ችግር የለም ማለት አይደለም። ገበሬው በሠራበት ቦታ መሬት ይመለሳል ማለት ነው። ለዛሬ ፖሊሲ ይህ ትልቅ ዜና ነው። የተገኘውም አንድ ሰው መስታወት ላይ የተነሣ አሮጌ ፎቶ ሳይጥል ስላስቀመጠው ነው።

ዝናቡም እንዲሁ። ካይሮ ውስጥ ሮዳ ደሴት ላይ የዓባይን ከፍታ የሚለካ ምሰሶ አለ። የከፍታው መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ622 ይጀምራል። ወደዚያ የሚወርደው የክረምት ሙላት አብዛኛው የኛ ደጋ ዝናብ ነው። የአየር ንብረት ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን ድርቅ ከሺህ ዓመት በፊት የሚፈልጉት ግብፅ ውስጥ በተጻፈ መዝገብ ነው። የክፉ ቀኑን፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረውን ረሃብ ደግሞ በዜና መዋዕልና በተጓዦች ጽሑፍ እናገኘዋለን። የከብቱ በሽታ መግባት፣ የዝናቡ መቅረት፣ አንበጣው፣ ተምቹ፣ አንዱ ከሌላው ጋር እንዴት እንደተያያዘ የምናውቀው ከወረቀት ነው።

ስለዚህ ጡረተኛው መምህር ያነሡት የተጣበቀ መዝገብ ያሳስበኛል። ከመሬት ግብር መዝገብ የምርት መጥፋት ይነበባል። ከትምህርት ቤት ሮስተር ልጆች በድርቅ ዓመት ስንት እንደቀነሱ ይነበባል። ከድሮ የዝናብ መለኪያ ቅጽ ክረምቱ መቼ እንደገባ ይነበባል። ጥያቄውን የሚጠይቀው ሰው ገና አልተወለደ ይሆናል።

እህቴ ደቻቱ ዳር፣ ዘበኛሽን ቶሎ ቅረጪው። በስልክሽ ይበቃል። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ስሙንና ፈቃዱን አብረሽ መዝግቢ። ድምፁን ሁለት ቦታ አስቀምጪ፣ አንዱ ከከተማው ውጭ ይሁን። "እዚህ ድረስ" ያለበትን ግድግዳ ሜትር ይዘሽ ለኪው፣ ፎቶ አንሺው። አንድ ሰው ሊሳሳት ስለሚችል ሌሎች የሰፈሩን ሰዎችም ለየብቻ ጠይቂ። አምስት ሰው አንድ ግድግዳ ላይ አንድ ከፍታ ካሳየሽ መሐንዲስ የሚሠራበት መረጃ አለሽ።

---

ወሎ ዱባይ

እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ቤተ መጻሕፍት መሄድ የማይታሰብ ነው። እረፍቴ በሳምንት አንድ ቀን ነው፣ እሱንም ሞል ውስጥ ነው የማሳልፈው። ቅዝቃዜው በነጻ ስለሆነ። ውጭ ለሚሠሩት እንኳ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 በእነሱ አቆጣጠር ቀትር ላይ ሥራ ይከለከላል፣ ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 9። ሙቀቱ ቀልድ አይደለም።

በ2024 ሚያዝያ ደግሞ ያ ሁሉ ዝናብ በአንድ ቀን ወረደ። መዝገብ መያዝ ከጀመሩ በ75 ዓመት ውስጥ ያልታየ ነው አሉ። መኪናው ሁሉ ሰመጠ። እኔ ታች ያለው ክፍል ነው የምተኛው፣ ውኃ ገባብኝ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ በአማርኛ የሚነግረኝ አጣሁ። አረብኛውም እንግሊዝኛውም በድንጋጤ ሰዓት አይገባም። የመብራቱን ማብሪያ በእርጥብ እጄ ልነካ ስል አንዲት ፊሊፒናዊት ናት የጎተተችኝ።

እህቴ፣ ቤተ መጻሕፍትሽ በስልክም ይምጣልን። በቴሌግራም፣ በድምፅ። ጎርፍ ሲመጣ ምን ይደረጋል፣ ሙቀት የመታው ሰው እንዴት ይረዳል፣ አጭር በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ። እናቴ ማንበብ አትችልም። ስልክ ግን ይዛለች። ወሎ ሆና "ዘንድሮ በልጉ እንዴት ነው የሚሉት?" ብላ የምትጠይቀው ዱባይ ያለሁትን እኔን ነው።

---

ማትሪክ ተፈታኝ

ሁሉንም አነበብኩት። ስለ ጸጥታው አሁንም ሐሳቤን አልቀየርኩም። የጋዜጣ ክፍሉ ለብቻው ይሁን፣ በሩም ይዘጋ። ትልቁ አዳራሽ ለጥናት ይቅር። ይህ ከሆነ እሺ።

ግን የ98ቱን ጎርፍ እኔ አላውቅም ነበር። ማለቴ ሰምቻለሁ፣ እንዲህ ዝርዝሩን ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ቤታችን ከደቻቱ ሩቅ አይደለም። ትናንት አባቴን ጠየቅኩት። ዝም አለና "የተኛህበት ክፍል ያኔ አልነበረም፣ ባዶ ሜዳ ነበር" አለኝ። ለምን ባዶ እንደነበረ ጠየቅኩት፣ "ውኃ የሚሄድበት ነዋ" አለ።

---

ማኅደር

ወንድሜ፣ ይህን ያልከውን ራሱን ጻፈው። ከነቀኑ።

---

ደቻቱ ዳር

ይህን ያህል እጠብቅ አልነበረም። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

አለቃዬን አናግሬያለሁ። የቀትሩን ነገር በሙከራ እንድናየው ተስማምቷል፣ ግን "ሰው ከየት ታመጫለሽ?" አለኝ። ልክ ነው። ሁለት ሠራተኞች ነን፣ ምሳ መብላት አለብን። የፊኒክሱ ወንድማችን ያለውን ሥልጠና ቀይ መስቀልን ልጠይቅ አስቤያለሁ። ውኃ በእንስራ እናቀርባለን። የጋዜጣ ክፍሉ ይከፈታል፣ ትልቁ አዳራሽ ለተማሪ ይቆያል፣ መሐል ያለው በር ይዘጋል። ማትሪክ ተፈታኝ፣ እንደጠየቅከው ነው።

ለወሎዋ እህቴ፣ የድምፁን ነገር ከጎርፉ እንጀምራለን። በሦስት ቋንቋ። ኦሮምኛውንና ሶማሊኛውን የሚናገሩልን ሰዎች እዚሁ ሰፈር ሞልተዋል።

ዘበኛችንን ልቀርጸው ስል "እኔ ብቻ አይደለሁም ያየሁት" ብሎ ሌሎች ሰዎች ጠራልኝ። አንደኛዋ ያችው ቡና የምትሸጠው እናት ናት። ያኔ ልጅ ነበረች፣ ከታላቅ ወንድሟ ጋር ጣሪያ ላይ ነው ያደሩት። ጌታዬ፣ በረንዳዬ ላይ በየቀኑ ትቀመጣለች፣ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። እሷ ያሳየችው ከፍታና ዘበኛችን ያሳየው በአንድ ስንዝር ነው የሚለያዩት። ሜትር ይዤ ለካሁት፣ ግድግዳው ላይም በኖራ ምልክት አደረግሁበት።

---

ካርታና ፎቶ

ኖራው በዝናብ ይታጠባል። ከቻልሽ በሚስማርና በብረት ሰሌዳ አድርጊው። የግድግዳውን ባለቤት አስፈቅጂ።

---

ማትሪክ ተፈታኝ

ደቻቱ ዳር፣ ፈተናዬ እስኪደርስ ከ6 እስከ 9 ሰዓት እኔ ልቀመጥላችሁ? በነጻ። እዚያው አጠናለሁ፣ በሩንም እጠብቃለሁ። ሁለት ጓደኞች አሉኝ፣ በተራ እንሆናለን።

---

ደቻቱ ዳር

የትምህርት ቤት መታወቂያችሁን ይዛችሁ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ኑ። አባትህንም የሚመች ከሆነ አምጣው፣ ስለዚያ ባዶ ሜዳ ልጠይቀው እፈልጋለሁ።